ፍቅር ዕውር ነው ለሚሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ

«ፍቅር ዕውር ነው» የሚለው ቃል ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሰው ኹሉ አፍ ሲነገር የኖረ ስለ ኾነ እውነት ነው ተብሎ ከታመነ ቈይቷል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተነገረ ኹሉ የተመረመረ አይደለም። ይህን ቃል የሚናገሩት ሰዎች በኹለት ወገን የቆሙ ናቸው። አንደኛው ወገን የሽማግሎቹ ነው፤ እነርሱም ፍቅር ዕውር ከኾነ ዕውርን መሪ አድርጎ ወደ ትዳር መግባት ወደ ገደል መግባት ነውና፥ ዘር ተቈጥሮና ሀብት ተመዝኖ በዘመድ ምክር ይጋቡ ይላሉ። ኹለተኛው ወገን የጐልማሶቹ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ፍቅር ዕውር ከኾነ ያፈቀረ ሰው ባደረገው ነገር አይጠየቅም ብለው ቃሉን ለጥፋታቸው መሸፈኛ ያደርጉታል። በሌላ ነገር ኹሉ የሚጣሉት እነዚህ ኹለት ወገኖች በዚህ በአንዱ ነገር ብቻ መስማማታቸው እጅግ ያስገርማል፤ ባላጋሮች የተስማሙበትም ነገር አንዳንድ ጊዜ ማንም ያልመረመረው ነገር ነው።

ሽማግሎቹ ምስክር ሲጠሩ ሶምሶንን ይጠራሉ፤ ደሊላን ቢወድ ዐይኑን ዐጣ ይላሉ። ዳሩ ግን የሶምሶንን ዐይን ያወጡት ፍልስጥኤማውያን ናቸው እንጂ ፍቅር አይደለም፤ ደሊላም በብር ሸጠችው። ጐልማሶቹ ግን ምስክር የሚጠሩት ከልብ ወለድ መጻሕፍት ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ያፈቀረ ሰው ትናንት ያላደነቃትን ሴት ዛሬ ከሴቶች ኹሉ የተዋበች አድርጎ ያያታል፤ ስለዚህ ፍቅር የሌለውን ውበት የሚያሳይ ሕልም ነው ብለው ይደመድማሉ። እንግዲህ ምስክሩ ልብ ወለድ ከኾነ፥ ከልብ ወለዶቹ መካከል እጅግ የታወቀውና ከኹለት መቶ ዓመት በላይ ሳያረጅ የኖረው ይጠራና ቃሉን ይስጥ።

ይኸውም «ኵራትና ቅድመ ፍርድ» የተባለው የእንግሊዛዊቱ የጄን ኦስተን ድርሰት ነው። ደራሲዋ በ1775 ዓ.ም. (ዘመኑ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሐምፕሽር ክፍለ ሀገር በስቲቨንተን መንደር የተወለደች፥ የዚያው ደብር ካህን የነበሩት የጆርጅ ኦስተን ልጅ ናት። መጽሐፉን በመጀመሪያ የጻፈችው በ1796ና በ1797 ሲኾን፥ ያን ጊዜ ስሙ «የመጀመሪያ ዕይታ» ነበረ። አባቷ በ1797 ለአንድ የለንደን አሳታሚ ደብዳቤ ጽፈው ቢያቀርቡለት ጽሑፉን እንኳ ሳይመለከት እንቢ አለ። ኋላ ታርሞ፥ ስሙም ተለውጦ፥ በጥር 1813 በሦስት ቅጽ ታተመ፤ የደራሲዋ ስም ግን በላዩ አልተጻፈበትም። ሳያይ የፈረደው አሳታሚ ለመጽሐፉ ለራሱ ምሳሌ ኾኖ መገኘቱ ያስቃል፤ መጽሐፉ ከስሙ ጀምሮ የሚናገረው ስለ ማየት፥ ይልቁንም አንድ ጊዜ አይቶ ስለ መፍረድ ነውና።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሚስተር ቤኔት የሚባል የገጠር ባለርስት አምስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ወንድ ልጅ ስለሌለው ርስቱ በሕጉ መሠረት ለሩቅ ዘመዱ የሚያልፍ ነው። በጎረቤቱ ቢንግሊ የሚባል ሀብታም ጐልማሳ ቤት ተከራይቶ ይመጣል፤ ከርሱም የሚበልጥ ሀብት ያለው ወዳጁ ዳርሲ አብሮት ይመጣል። ዳርሲና የቤኔት ኹለተኛ ልጅ ኤልሳቤጥ መጀመሪያ ሲተያዩ ተናናቁ፤ በመጨረሻ ተጋቡ። ክርክሩ ያለው በመካከል ባለው ነገር ላይ ነው።

በሜሪተን ከተማ በተደረገው የጭፈራ ግብዣ ዳርሲ ወደ አዳራሹ ሲገባ ቁመቱና መልኩ የሰውን ኹሉ ዐይን ሳበ፤ በዓመት ዐሥር ሺህ ፓውንድ ገቢ አለው የሚለውም ወሬ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አዳራሹን ዞረ። እስከ ግብዣው እኩሌታ ድረስ ሰው ኹሉ ሲያደንቀው አመሸ። ከዚያ በኋላ ግን ኵራቱ ታወቀ፤ አብረውት ከመጡት ሴቶች በቀር ከማንም ጋራ አልጨፈረም፥ ከማንም ጋራ ሊተዋወቅ አልወደደም። ወዲያውኑ ያው ፊት፥ ያው ቁመት፥ በያው ሻማ ብርሃን ሲታይ የሚያስጠላና ፊቱን ያጨፈገገ ሰው ፊት ኾነ። አንባቢ ይህን ነገር አጥብቆ ይመልከት። የዳርሲ አፍንጫ ከምሽቱ እስከ እኩለ ሌሊት አልተጣመመም። የተለወጠው የተመልካቾቹ ልብ ነው፤ የለወጠውም ፍቅር ሳይኾን ቅያሜ ነው። ነገር ግን ከዚያ ጉባኤ አንድ ሰው እንኳ «ቅያሜ ዐይኔን አሳወረው» አላለም፤ ኹሉም አኹን ገና በትክክል አየነው አሉ።

ፍቅር ዕውር ነው የሚሉት ሰዎች ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እነርሱ በሐሳባቸው አንድ ንጹሕ ዐይን አለ፤ ይህ ዐይን የማይወድ፥ የማይጠላ፥ የማይቀና፥ የማይጓጓ ነው፤ ፍቅር መጥቶ ይህን ንጹሕ ዐይን ያደፈርሰዋል ይላሉ። እንዲህ ያለ ዐይን ያለው ሰው ግን በዚያ አዳራሽ አልተገኘም። ዐሥሩን ሺህ ፓውንድ እያሰበ የሚያይ አለ፤ ለልጁ ባል እየፈለገ የሚያይ አለ፤ ተንቆ የሚያይ አለ፤ ንቆ የሚያይ አለ። እንግዲህ ዐይን ኹሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከኾነ፥ የሚገባው ጥያቄ የትኛው ዝንባሌ ብዙ ያሳያል የሚለው ነው።

በዚያው ምሽት ወንዶች አንሰው ስለ ነበር ኤልሳቤጥ አብሯት የሚጨፍር ዐጥታ ተቀምጣ ሳለች፥ ቢንግሊ ዳርሲን ከርሷ ጋራ እንዲጨፍር ለመነው። ዳርሲም ዘወር ብሎ አያትና መልኳ ክፉ ባይኾንም እርሱን ለመማረክ የሚበቃ አይደለም ብሎ መለሰ፤ እርሷም ሰማችው። ይህን ፍርድ ለመፍረድ የወሰደበት ጊዜ አንገትን ዞር እስኪያደርጉ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በኹለተኛው ጊዜ ሲገናኙ ደግሞ ያያት ነቀፋ ለመፈለግ ነበረ። ለራሱም ለወዳጆቹም በፊቷ ላይ አንድ መልካም ነገር የለም ብሎ ባስረዳ ጊዜ፥ ጥቋቁር ዐይኖቿ ለፊቷ የሰጡትን የማስተዋል ብርሃን አየ። አካሏ በሚዛን የተስተካከለ አለመኾኑን ተመለከተ፤ ኾኖም ቀላልና ደስ የሚያሰኝ መኾኑን ሳይወድ በግድ አመነ። ጠባይዋ የከተማ ጌቶች ጠባይ አይደለም ብሎ ፈረደ፤ ወዲያውም በጨዋታዋ ተያዘ።

እንግዲህ ሕልም እንዲህ ነውን? ሕልም የሚያይ ሰው ጕድለቱን አያይም፤ ዳርሲ ግን ጕድለቱን ቈጥሮ ይዟል። ሕልም የሚያይ ሰው የሚመኘውን ያያል፤ ዳርሲ ግን ያየው ሊያየው ያልፈለገውን ነው። እኅቷ ጄን በቢንግሊ ቤት በታመመች ጊዜ ኤልሳቤጥ ሦስት ማይል ያኽል በእግሯ ሄዳ፥ ልብሷ በጭቃ ተበላሽቶ፥ ፊቷ ቀልቶ ደረሰች። የቢንግሊ እኅቶች የቀሚሷን ጭቃ በስንዝር ለኩ። አንዲቱም ወደ ዳርሲ ዞር ብላ እነዚያ የተመሰገኑ ዐይኖች ዛሬ ዋጋቸው ሳይቀንስ አልቀረም ብትለው፥ መንገዱ ይበልጥ አበራቸው አላት። ጭቃውን እርሱም አይቷል፤ እንዲያ ኾና ብቻዋን መምጣቷንም ተገቢ አይደለም ብሎ ነበር። እነርሱ ግን ጭቃውን ሲያዩ ጭቃውን ለብሳ የመጣችበትን ነገር፥ ይኸውም ለእኅቷ ያላትን ፍቅር አላዩም። ከኹለቱ ማን ብዙ እንዳየ ዳኛ መጥራት አያስፈልግም።

የቅኔን ጉባኤ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ያለ ብዙ ማስረጃ ይቀበላል። አዲስ ተማሪ ቅኔ ሲሰማ አስቀድሞ የሚይዘው ሰሙን ነው፤ ሰሙንም ይዞ ቅኔው ቀላል ነው ብሎ ይንቃል። ሲውል ሲያድር፥ ያንኑ ቅኔ ደጋግሞ ሲያወርድ ሲያወጣ፥ አንድ ቀን ወርቁ ይገለጥለታል፤ ያን ጊዜም ስለ ናቀው ያፍራል። በቅኔው ላይ አንዲት ፊደል አልተጨመረችም፤ ተማሪውም የሌለ ነገር አላለመም። ያን ተማሪ ለቅኔ ያለው ፍቅር አሳወረው የሚል መምህር ካለ ጉባኤውን ይበትን። ባይወድደው ኖሮ ደግሞ አያወርደውም ነበር፤ ደግሞ ካላወረደው ወርቁ ከሰሙ ሥር እንደ ተቀበረ ይቀር ነበር።

ጐልማሶቹ ግን እንዲህ ይላሉ፤ «ኤልሳቤጥ ዊካምን መልከ መልካም ኾኖ ስላየችው አይደለምን ቃሉን ኹሉ ያመነችው? እነሆ ፍቅር አሳወራት»። ይህ መቃወሚያ በመልካም ቦታ የተወረወረ ነው፤ መልሱም በመጽሐፉ ውስጥ ነው። ዊካም የተባለው መኰንን መልኩም አንደበቱም ያማረ ነበረ፤ ዳርሲ በደለኝ ብሎ የነገራትንም ያለ ምስክር ተቀበለችው። ኋላ ዳርሲ በጻፈላት ደብዳቤ ዊካም የዳርሲን የዐሥራ አምስት ዓመት እኅት ለሠላሳ ሺህ ፓውንዷ ብሎ ሊያስኰበልላት እንደ ነበረ ባወቀች ጊዜ፥ ኤልሳቤጥ ራሷን ስትመረምር ያገኘችው ጥፋት የፍቅር ጥፋት አልነበረም። አንዱ ስላመሰገናት፥ አንዱ ስለ ናቃት፥ ውዳሴ ከንቱ ወዳጅዋ፥ ቅያሜም መካሪዋ ኾነው ነበርና። በራሷ ላይ የፈረደችው እርሷ ናት፤ ጠበቃ የቆሙላት ጐልማሶች ከርሷ ከራሷ የተሻለ አያውቁም።

አባቷም ቢኾን ለዚህ ጕዳይ ሌላ ምስክር ነው። ሚስተር ቤኔት ሚስቱን ያገባት በወጣትነቷና በመልኳ ተማርኮ ነው፤ ፊቷ የሚያሳየው ደግነት ልቧ ውስጥ ያለ መስሎት ነበረ። ማስተዋል እንደሌላት ባወቀ ጊዜ ፍቅሩ ፈጽሞ ጠፋ፤ የቀረውንም ዘመኑን ከመጻሕፍት ቤቱ ተሸሽጎ በሚስቱ ላይ ሲያፌዝ ኖረ። የአገራችን ሰው መልክ ታጥቦ አይጠጣም ያለው ለእንዲህ ያለው ነው። ነገር ግን ሚስተር ቤኔት የተሳሳተው በማፍቀር አይደለም፤ ሳያፈቅር፥ ይኸውም ሳያውቅ፥ በአንድ ዕይታ በመፍረድ ነው። ዳርሲ በአዳራሹ ኤልሳቤጥን በአንድ ዕይታ እንደ ናቀ፥ እርሱም ሚስቱን በአንድ ዕይታ መረጠ፤ ጥፋቱ አንድ ነው።

ስለ ኮሊንስም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ካህን ስለ ኾነ መዝለሉ አድልዎ ይመስላልና። ርስቱን የሚወርሰው ዘመድ እርሱ ነው። ሚስት ፍለጋ ወደ ቤኔት ቤት መጥቶ በመልኳ ከኹሉ የምትበልጠውን ጄንን መረጠ፤ እናቲቱ ጄን ለሌላ ልትታጭ እንደምትችል ብትነግረው፥ ምድጃውን ቈስቍሳ እስክትጨርስ ድረስ ልቡን ወደ ኤልሳቤጥ አዞረ። ኤልሳቤጥ እንቢ ባለችው በኹለት ሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ ወዳጅዋን ሻርሎትን ጠየቀ። ሽማግሎቹ ፍቅር የሌለበት ምርጫ የረጋና የተመዛዘነ ነው ይላሉ፤ ኮሊንስ ያለ ፍቅር መርጧል፥ መርጋቱንም አንባቢ ይመስክር።

አኹን ወደ ዋናው ተከራካሪ መምጣት ይገባል። ታላቁ የስኮትላንድ ደራሲ ሰር ዋልተር ስኮት ስለ ሌላው የኦስተን መጽሐፍ ስለ «ኤማ» ስሙን ሳይገልጥ በጻፈውና በ1816 በወጣው ሐተታ ውስጥ ስለዚህም መጽሐፍ ተናግሯል። የቃሉም ፍሬ ነገር ኤልሳቤጥ ዳርሲን እንቢ ማለቷ ሞኝነት እንደ ነበረ የታወቃት ያማረ ቤቱንና ግቢውን ከጐበኘች በኋላ ነው የሚል ነው። ይህ ነገር እውነት ከኾነ ፍቅር ዕውር ብቻ ሳይኾን የተገዛ ምስክር ነው፤ የዳርሲን ፊት ያሳመረው የፔምበርሊ ድንጋይ ነው ማለት ይኾናልና። በአገራችን የሙግት ሥርዐት ተጠየቅ የሚባለው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

መጽሐፉ የሚለው ይህ ነው። ኤልሳቤጥ ከአጎቷና ከአጎቷ ሚስት ጋራ ቤቱን ለማየት በገባች ጊዜ በእውነት አደነቀች፤ የዚህ ቤት እመቤት መኾን ትልቅ ነገር ነው የሚል ሐሳብም በልቧ አለፈ። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም፤ ደራሲዋ አልሸሸገችውም። ነገር ግን ሐሳቧን የለወጠው ድንጋዩ አይደለም። ዳርሲን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ የምታውቀው የቤቱ ጠባቂ አሮጊት ክፉ ቃል ከአፉ ሰምታ እንደማታውቅ፥ ለድኾችና ለጭሰኞቹ ቸር እንደ ኾነ መሰከረች። ስለ ጌታዋ በምስጋና የምትናገር አስተዋይ አገልጋይ ከምስክር ኹሉ የምትበልጥ መኾኗን ኤልሳቤጥ አሰበች። ከዚያም በሥዕሎቹ አዳራሽ ውስጥ ከዳርሲ ሥዕል ፊት ቆማ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው፤ ሄዳም ተመልሳ አየችው። ሥዕሉ የተሣለው አባቱ በሕይወት ሳለ፥ ኤልሳቤጥንም ሳያውቃት ነው። በፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ለርሷ ብሎ የፈገገው አይደለም፤ ከመጀመሪያው የነበረ ነው። ያላየችው እርሷ ናት።

ስኮት የተሳሳተበትም ምክንያት አይጠፋም። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ጄን እኅቷን ከመቼ ጀምሮ ወደድሽው ብላ ብትጠይቃት፥ ኤልሳቤጥ ያማረ ግቢውን ካየሁ ጀምሮ ሳይኾን አይቀርም የሚል መልስ ሰጠች። ጄን ግን ቀልዱን ትተሽ እውነቱን ንገሪኝ ብላ ለመነቻት፤ እርሷም ነገረቻት። ስኮት የተናገረው ነገር ጄን ወዲያው ቀልድ መኾኑን ያወቀችውን ነገር እንደ ቁም ነገር እንደ መያዝ ያኽል ነው፤ ሰሙን ወሰደ፥ ወርቁን ተወ። የኾነ ኾኖ ስለ ስኮት ሲነገር የሚጠቅመው ነገር አይቀርበት፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ በመጋቢት 1826 በዕለት ማስታወሻው መጽሐፉን ቢያንስ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳነበበው ጽፎ ደራሲዋን ለርሱ ያልተሰጠው ስጦታ እንደ ነበራት አመስግኗታል። እርሱም ደጋግሞ በማየት የተማረ ሰው ነው።

ፍቅር ግን በአንድ ጊዜ ኹሉን ያሳያል ማለት አይደለም። ዳርሲ ኤልሳቤጥን ለማግባት በሐንስፈርድ በጠየቃት ጊዜ ውበቷን ካወቀ ወራት አልፈዋል፤ ራሱን ግን ገና አላወቀም። ፍቅሩን ሊናገር መጥቶ የቤተሰቧን ዝቅተኛነት፥ ከርሷ ጋራ በመጋባቱ የሚደርስበትን ውርደት ቈጠረላት። ሽማግሎቹ ይህን ልብ ይበሉ፤ በዚያች ሰዓት ዘር የሚቈጥረው ዐይኑ ሊያሳጣው የነበረው የሚወድዳትን ሴት ነው። ጐልማሶቹም ልብ ይበሉ፤ ማፍቀሩ ከጥያቄ አላዳነውም። እንደ ጨዋ ሰው አልተናገርህም ብላ ገሠጸችው፤ ቃሏም ለብዙ ጊዜ እንደ አቃጠለው ኋላ ራሱ ነገራት። በማግስቱ ደብዳቤ ጽፎ መልስ ሰጠ፤ ከዚያም ጠባዩን ማረም ጀመረ። ያፈቀረ አይጠየቅም የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ ዘልሎ ያነበበ ነው።

በ1940፥ በ1995ና በ2005 ይህን ታሪክ በሲኒማና በቴሌቪዥን ያሳዩ ሰዎች ደግሞ ሳያስቡት ለዕውርነት ወገን ረድተዋል። ለኤልሳቤጥ ሥራ የመረጧት ሴት ኹልጊዜ እጅግ ያማረች ናት። ተመልካቹ ገና በመጀመሪያው ትርኢት ውበቷን ያያል፤ ስለዚህ ዳርሲ የናቃት ጊዜ ሞኝ ይመስለዋል፥ የወደዳት ጊዜም ምንም አዲስ ነገር አላየም። በመጽሐፉ ግን ደራሲዋ ስለ ኤልሳቤጥ መልክ የምትናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያንንም ጥቂቱን የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከዳርሲ ዐይንና ከምቀኞቿ አፍ ነው። አንባቢው ከዳርሲ ጋራ ቀስ በቀስ ማየት አለበት፤ ሥዕሉ ተዘጋጅቶ ከቀረበለት ይህን አይማርም።

በመጨረሻው አካባቢ ደራሲዋ ኹለት ዐይኖችን ጎን ለጎን ታቀርባለች። ኤልሳቤጥ በፔምበርሊ የዳርሲን እኅት ጐብኝታ በሄደች ጊዜ፥ ዳርሲን ለራሷ የምትመኘው የቢንግሊ እኅት የእንግዳዪቱን መልክ መዘርዘር ጀመረች። በመንገድ ፀሓይ ጠቍራለች አለች፤ ፊቷ ቀጭን ነው፥ ቆዳዋ ወዘና የለውም፥ አፍንጫዋ ምልክት የለሽ ነው፥ ጥርሷ ይቅርታ የሚደረግለት ነው፥ የተመሰገኑት ዐይኖቿም ክፉና ስለታም ናቸው አለች። ይህች ሴት ከማንም ይልቅ አጥብቃ ተመልክታለች፤ ምናልባት በቈጠረችው አንዳንዱ ነገር አልዋሸችም፤ ቅናት መልካም ቈጣሪ ነውና። ዳርሲ ፀሓይ ያጠቈራት በበጋ መንገድ ስለ ሄደች ነው ብሎ ዝም አለ። እርሷ ግን ዝምታው አልበቃትም፤ ቀድሞ ይህችን ሴት ሲነቅፍ የተናገረውን አስታወሰችው፥ ኋላ ጥቂት ቆንጆ ሳትመስልህ አልቀረችም መሰለኝ አለችው። ዳርሲም ያ መጀመሪያ ያወቃት ጊዜ እንደ ነበረ፥ አኹን ግን ከሚያውቃቸው ሴቶች እጅግ ካማሩት አንዷ አድርጎ ከቈጠራት ብዙ ወራት እንዳለፉ መለሰላትና ወጥቶ ሄደ። ያን ቃል ከአፉ ጐትታ ያወጣችው ራሷ ነበረች።